ስክሪኑን በየሁለት ሰከንዱ ማጥፋትና መሙላት መፍትሔ አይደለም፦ «ታይመር ይበቃል» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በባሕር ዳር የዴስክቶፕ ፕሮግራም በምንሠራ ሰዎች መካከል ሰሞኑን ሲነበብና ሲያከራክር የሰነበተ «ታይመር ይበቃል» የሚል ጽሑፍ አለ። የጽሑፉ ጭብጥ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የጽሑፍ ሳጥን፣ ሠንጠረዥ፣ የምርጫ ዝርዝርና እነዚህን የመሳሰሉ ኮንትሮሎች ከሥራቸው ያለው ዳታ በተለወጠ ቁጥር አብረው እንዲለወጡ ለማድረግ ዳታ ባይንዲንግ የሚባለውን ዘዴ መማርና መጠቀም ትርፍ ድካም ነው፤ በየሁለት ሰከንዱ የሚነሣ አንድ ታይመር ዳታቤዙን እንደገና አንብቦ ገጹን ከላይ እስከ ታች ቢሞላው ሥራው ያልቃል። ጸሐፊው ለዚህ አቋማቸው ስድስት ምክንያቶች አቅርበዋል። ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ከምክንያቶቹም ሁለቱ በእርግጥ ክብደት አላቸው። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። ጀማሪ ሙያተኞች አምነው ቢሠሩበት ጉዳቱ የሚያርፈው ቀኑን ሙሉ በፕሮግራሙ በሚሠሩት ሰዎች ላይ በመሆኑ፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያታቸው ቀላልነት ነው። «አንብብ፣ አጥፋ፣ ሙላ» የሚለውን ባለ ሦስት እርምጃ አሠራር ትናንት ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው እንኳ ይረዳዋል ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከዳታቤዝ የመጣ ቢሆን ኖሮ ነበር። ሰው በሚሠራበት ገጽ ላይ ግን ከዳታቤዝ ያልመጣ፣ ተጠቃሚው ራሱ ያኖረው ብዙ ነገር አለ፦ የመረጠው ረድፍ፣ ጠቋሚው ያረፈበት ሳጥን፣ ጀምሮ ያልጨረሰው ቁጥር፣ ሠንጠረዡን ወደ ታች አንሸራቶ የደረሰበት ቦታ። «አጥፋ» የሚለው እርምጃ እነዚህንም አብሮ ያጠፋቸዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ችግር አይደለም። ጣና ዳር ባለ አንድ የዓሣ መረከቢያ በዚሁ ዘዴ የተሠራ ፕሮግራም ሥራ ላይ እያለ ተመልክቻለሁ። ጠዋት ጀልባዎቹ ተከታትለው ሲደርሱ ሁለት ሠራተኞች በሁለት ኮምፒውተር ይቀመጣሉ፤ አንዷ የመጡትን አሥጋሪዎች ስም ታስገባለች፤ ሌላው ሚዛኑ አጠገብ ሆኖ ቀረሶውን፣ አምባዛውንና ነጭ ዓሣውን ለይቶ እየመዘነ ከየስሙ ትይዩ ክብደቱን ይጽፋል። ሠንጠረዡ በስም የፊደል ተራ የተደረደረ ነው። መዛኙ የአንዱን አሥጋሪ ረድፍ መረጠና ዓይኑን ወደ ሚዛኑ መለሰ። በዚያች ቅጽበት ከወዲያኛው ኮምፒውተር በፊደል ተራ ቀድሞ የሚመጣ አዲስ ስም ገባ፤ ታይመሩ ተነሣ፤ ሠንጠረዡ ጠፍቶ ተሞላ፤ ፕሮግራሙም ቀደም ሲል የተመረጠው ስድስተኛው ረድፍ ስለነበር አሁንም ስድስተኛውን ረድፍ መረጠ። ስድስተኛው ረድፍ ላይ ግን አሁን ያለው ቀድሞ ከበላዩ የነበረው ሌላ ሰው ነው። መዛኙ 12.4 ብሎ ጻፈና አስገባ። የአንዱ አምባዛ በሌላው ስም ተመዘገበ፤ ነገሩም የታወቀው ከቀትር በኋላ ሒሳብ ሲሠራ፣ ባለቤቱ «የእኔ አምባዛ የት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። መዛኙ ያጠፋው ነገር የለም፤ ትክክለኛውን ረድፍ መርጦ ነበር፤ ከእጁ ሥር የቀየረበት ፕሮግራሙ ነው።

ጸሐፊው ይህን መሰል ቅሬታ ሳይሰሙ የቀሩ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በጽሑፋቸው ውስጥ «የተመረጠውን ረድፍ ቁጥር ከማጥፋት በፊት መያዝ»፣ «ሰው በሚጽፍበት ጊዜ ታይመሩን ማቆም» የሚሉ ምክሮች ጣል ጣል አድርገዋል። የመጀመሪያው ምክር ከላይ ያየነውን ስህተት ያመጣው ራሱ ነው። በረድፍ ቁጥር ፋንታ በአሥጋሪው መለያ ቁጥር ይያዝ ቢባል ይሻላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የማንሸራተቻውን ቦታ መያዝ፣ ጠቋሚው ያለበትን ሳጥን መያዝ፣ ተጽፎ ያላለቀውን ጽሑፍ መያዝ ይከተላል። ሰው ሲጽፍ ታይመሩን ማቆም ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሠራተኛው ውሳኔ በሚሰጥበት ሰዓት በትክክል ያረጀ ዳታ እያየ እንዲወስን ያደርገዋልና። ሦስቱ እርምጃዎች በዚህ መንገድ አሥራ ሦስት ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱም አዲስ ገጽ እንደገና መጻፍ አለባቸው። ቀላል የተባለው መንገድ ቀላል የሚሆነው ተጠቃሚው ኪቦርዱን እስኪነካ ድረስ ብቻ ነው።

ባይንዲንግ ይህን የሚፈታው በምን እንደሆነ ጽሑፉ በደንብ ስላላስረዳ እኔ ላስረዳ። መሠረታዊው ሐሳብ ዳታው ራሱ ሲለወጥ መለወጡን እንዲናገር ማድረግ ነው። የአንድ ርክክብ መዝገብ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ኦብጀክት (የአንድን ነገር ዳታ በአንድ ላይ የያዘ የፕሮግራሙ ክፍል) ነው፤ ክብደቱ ሲለወጥ «ክብደቴ ተለውጧል» የሚል ኤቨንት፣ ማለትም ማሳወቂያ፣ ያስነሣል፤ ያንን የሚያሳየው ሕዋስ ብቻ አዲሱን ዋጋ ያነብባል፤ ሌላው ገጽ አይነካም። ዝርዝሩም በበኩሉ «ሦስተኛው ቦታ ላይ አንድ ረድፍ ገብቷል» ይላል እንጂ «ሁሉንም እንደገና አንብቡ» አይልም። የተመረጠው ረድፍ ከቁጥር ጋር ሳይሆን ከኦብጀክቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በላዩ ላይ አሥር ስም ቢገባም ምርጫው ከሰውየው ጋር አብሮ ይወርዳል። ዶት ኔት በተባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ ዓለም፣ ለዴስክቶፕ ገጽ መሥሪያው ለዊንዶውስ ፎርምስ ባይንዲንግ ሊስት እና ባይንዲንግ ሶርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለወጣው ሌላው የገጽ መሥሪያ ለደብሊው ፒ ኤፍ ደግሞ አይኖቲፋይ ፕሮፐርቲ ቼንጅድ እና ኦብዘርቨብል ኮሌክሽን የተባሉት የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ኪዩት በተባለው ሌላ የገጽ መሥሪያ የሚሠሩም ቢጊን ኢንሰርት ሮውስ እና ዳታ ቼንጅድ በተባሉት ተመሳሳይ ንግግር ያካሂዳሉ፤ እዚያም ሞዴሉን (ዳታውን የያዘውን ክፍል) በሙሉ እንደ አዲስ የሚያስጀምረው ጥሪ የተጠቃሚውን ምርጫ እንደሚያጠፋ የታወቀ ነው። ሐሳቡ የመጣው ጸሐፊው እንዳሉት «ከአዳዲስ የኩባንያ ፋሽኖች» አይደለም፤ ኖርዌያዊው ትሪግቭ ሬንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ሳሉ ዳታውን፣ ማሳያውንና ተቆጣጣሪውን የለየውን አሠራር ሲያፈልቁ የተጣለ መሠረት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ባይንዲንግ ሲሳሳት ዝም ይላል የሚል ነው። ይህ ክብደት ካላቸው ሁለት ነጥቦች አንዱ ነው። በደብሊው ፒ ኤፍ የፕሮፐርቲው (እንደ ክብደት ያለው የኦብጀክቱ መስክ) ስም በማሳያው ፋይል ውስጥ በፊደል ስለሚጻፍ፣ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ፕሮግራሙ ተገንብቶ ይነሣል፤ ሳጥኑ ግን ባዶ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዝም አይልም፤ ፕሮግራሙ በሚጻፍበት በቪዥዋል ስቱዲዮ የውጤት መስኮት ላይ የትኛው ስም እንዳልተገኘ ይጽፋል፤ የቪዥዋል ስቱዲዮ 2019 የኋለኞቹ እትሞችም እነዚህን ስህተቶች ለብቻ የሚዘረዝር መስኮት ጨምረዋል። በኮዱ በኩል ያለው የስም ስህተት ደግሞ ስሙን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከኮዱ በሚወስዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በመጣው ኮለር ሜምበር ኔም እና እ.ኤ.አ. በ2015 በሲ ሻርፕ ቋንቋ 6ኛ እትም በመጣው ኔምኦፍ አማካይነት ከሞላ ጎደል ተወግዷል።

እንዲያውም ብዙ ሰው ባይንዲንግን ተስፋ ቆርጦ ወደ ታይመር የሚሸሸው በስም ስህተት ሳይሆን በሌሎች ሦስት ቦታዎች እንደሆነ በሥራዬ አስተውያለሁ፤ ጽሑፉ አንዱንም አላነሣውም። የመጀመሪያው፣ የረድፎቹን ዝርዝር የሚይዘው ኦብዘርቨብል ኮሌክሽን የሚናገረው ረድፍ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ሲተካ ወይም ቦታ ሲለውጥ ብቻ መሆኑ ነው፤ በረድፉ ውስጥ ያለው ክብደት ሲለወጥ እርሱ አያውቅም፤ ያንን መናገር ያለበት ረድፉ ራሱ ነው። ሁለተኛው የተሰላ ዋጋ ነው። ክፍያ ማለት ክብደት ሲባዛ በኪሎ ዋጋ ከሆነ፣ ክብደቱ ሲለወጥ «ክብደቴ ተለውጧል» ማለት አይበቃም፤ «ክፍያዬም ተለውጧል» ማለት ያስፈልጋል። ይህን የረሳ ሰው ክብደቱ አዲስ፣ ክፍያው አሮጌ ሆኖ ያገኘዋል፤ ለአሥጋሪውም ከዚህ የባሰ ስህተት የለም። ሦስተኛው፣ በደብሊው ፒ ኤፍ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ወደ ዳታው የሚሄደው እንደ ነባሪ ጠቋሚው ከሳጥኑ ሲወጣ መሆኑ ነው። መዛኙ ቁጥሩን ጽፎ ከሳጥኑ ሳይወጣ በኪቦርድ አቋራጭ «አስቀምጥ» ካለ የሚቀመጠው አሮጌው ቁጥር ነው። መፍትሔው ለዚያ ሳጥን በየፊደሉ እንዲልክ ማዘዝ፣ ወይም ከማስቀመጥ በፊት የተጻፈውን በግድ ማስተላለፍ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች ለአንድ ጀማሪ በግማሽ ቀን ማስተማር ይቻላል፤ ሳያስተምሩ ዘዴውን ማውገዝ ግን ተገቢ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ነጥብ ሜሞሪን ይመለከታል። ኤቨንት የሚሰማ ገጽ ቢዘጋም ተናጋሪው ኦብጀክት ስለያዘው ከሜሞሪ አይወጣም፣ ቀስ በቀስም ኮምፒውተሩ ይሞላል ይላሉ። አደጋው አለ። ደብሊው ፒ ኤፍ ግን አይኖቲፋይ ፕሮፐርቲ ቼንጅድን የሚተገብሩ ኦብጀክቶችን የሚሰማው በደካማ ማጣቀሻ (ሰሚውን በሜሞሪ በግድ ይዞ በማያስቀር ግንኙነት) ነው፤ ገጹ ሲዘጋ ይለቀቃል። ሜሞሪው ሳይለቀቅ የሚቀረው በተቃራኒው ያንን ከማይተገብር ተራ ኦብጀክት ጋር ባይንድ ሲደረግና ኦብጀክቱ ከገጹ በላይ ዕድሜ ሲኖረው ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ለጠቀሱት ችግር መድኃኒቱ ማሳወቂያውን በትክክል መጻፍ እንጂ መተው አይደለም። በእጅ ለተመዘገቡ ኤቨንቶች ገጹ ሲዘጋ መሰረዝ ግዴታ መሆኑን ግን እቀበላለሁ። ታይመሩም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ያልቆመ ታይመር የተዘጋውን ገጽ በሜሞሪ ይዞ ማቆየት ብቻ ሳይሆን ዳታቤዙን መጠየቁን ይቀጥላል።

አራተኛው፣ ዳታው ከሌላ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄድ ሌላ የሥራ መስመር) ሲለወጥ ፕሮግራሙ ይወድቃል የሚለው፣ ረጅም መልስ አይፈልግም። ኮንትሮልን መንካት የሚችለው የፈጠረው ትሬድ ብቻ ነው የሚለው ሕግ ለታይመሩም ይሠራል፤ ጸሐፊው ያላጋጠማቸው የመረጡት ታይመር በዚያው በገጹ ትሬድ ላይ የሚነሣ ዓይነት ስለሆነ ነው። ዋጋውም ዳታቤዙ እስኪመልስ ድረስ ገጹ መቆሙ ነው። በደብሊው ፒ ኤፍ የአንድ ፕሮፐርቲ ለውጥ ከሌላ ትሬድ ቢመጣ ወደ ገጹ ትሬድ ይተላለፋል፤ የዝርዝር ለውጥ ግን አይተላለፍም፣ ለእርሱ ሥራን ወደ ገጹ ትሬድ በሚያሳልፈው በዲስፓቸር በኩል መላክ ወይም ከዶት ኔት 4.5 ጀምሮ ያለውን የዝርዝር ማመሳሰያ ጥሪ መጠቀም ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ፎርምስ ሁለቱም በኢንቮክ ወይም በቢጊን ኢንቮክ ጥሪ ወደ ገጹ ትሬድ መተላለፍ አለባቸው።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉም የጠነከረ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት ያሻል። ባይንዲንግ የሚያውቀው በዚያው ፕሮግራም ውስጥ የተለወጠውን ነው፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለች ሠራተኛ ዳታቤዙን ብትለውጥ የእኔ ኦብጀክት ምንም አይሰማም፤ ስለዚህ ታይመር ግድ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። ስህተቱ ታይመሩ ምን ይሥራ በሚለው ላይ ነው። ታይመሩ ዳታቤዙን «ካለፈው ጥያቄዬ ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር በተባለው ዳታቤዝ ሮውቨርዥን የሚባለው ባለ 8 ባይት ዓምድ ረድፉ በገባና በተለወጠ ቁጥር ስለሚያድግ፣ ካለፈው ከፍተኛ ቁጥር የሚበልጡትን ረድፎች ብቻ ማምጣት ይቻላል፤ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ደግሞ ሊስን እና ኖቲፋይ በሚባሉት ትዕዛዞች ዳታቤዙ ራሱ ጥሪ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። የተሰረዘ ረድፍ በሮውቨርዥን መንገድ ስለማይታይ ረድፉን ከማጥፋት ይልቅ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህችን ብዙ ሰው ይዘነጋታል። የመጡት ረድፎች በመለያ ቁጥራቸው ተፈልገው፣ በሜሞሪ ካሉት ከእነዚያው ኦብጀክቶች ውስጥ የተለወጠው ፕሮፐርቲ ብቻ ይቀየራል፤ አዲስ የሆነው ወደ ዝርዝሩ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ባይንዲንጉ ይጨርሰዋል። ታይመሩ ዳታውን ያድሳል፣ ዳታው ስክሪኑን ያድሳል፤ ታይመሩ ኮንትሮል አይነካም። በዚህ አሠራር የዓሣ መረከቢያው መዛኝ ላይ የደረሰው ስህተት ሊደርስ አይችልም።

እዚሁ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ያቀረቡት ምሳሌ አሳሳቢ ነው። ወደ ዘጌ ለምትነሣ ጀልባ ሁለት መስኮት ላይ ትኬት ሲቆረጥ፣ የቀረው ቦታ በየሁለት ሰከንዱ ስለሚታደስ አንድ ቦታ ለሁለት ሰው አይሸጥም ይላሉ። ይሸጣል። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ሁለቱ ገንዘብ ተቀባዮች በአንድ ሰከንድ ልዩነት «ሽጥ» የሚለውን ቁልፍ ቢጫኑ፣ ሁለቱም ስክሪኖች በዚያች ሰዓት «1 ቦታ» እንደሚሉ ግልጽ ነው። ታይመሩን ወደ ግማሽ ሰከንድ ማውረድ ክፍተቱን ያጠብበዋል እንጂ አይዘጋውም። ባይንዲንግም አይዘጋውም፤ እንደሚዘጋው የሚናገር ሰው ካለ እርሱም ተሳስቷል። ድርብ ሽያጭን የሚከለክለው ዳታቤዙ ነው፦ የቦታው ቁጥር ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል ገደብ፣ ወይም «የቀረው ከዜሮ የሚበልጥ ከሆነ ብቻ ቀንስ» የሚል አንድ ትዕዛዝ። ሁለተኛው ገንዘብ ተቀባይ ትዕዛዙ ሲመለስበት «ቦታው አሁን ተሽጧል» የሚል መልእክት ማየትና ቁጥሩም በዚያው ቅጽበት ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ስክሪን ለሰው የሚያሳይ ነው፤ የመንገደኛውን መቀመጫ በስክሪን ትኩስነት መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ይህ ክፍል ሳይታረም የሚሠራጭ ከሆነ በማለዳ ወደ ገዳማቱ ለመሻገር ወደብ ላይ የቆመን ሰው ከጀልባ የሚያስወርድ ስህተት ያመጣል።

በተጨማሪም በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል ያለው መስመር የተቋረጠ እንደሆነ ምን ይታያል የሚለውን ጽሑፉ አልመለሰውም። «አንብብ» ሳይሳካ «አጥፋ» የተፈጸመበት ገጽ ባዶ ይሆናል፤ ስህተቱን ውጦ የሚያልፈው ኮድ ደግሞ አሮጌውን ዳታ እንደ አዲስ ያሳያል። መጨረሻ የታደሰበትን ሰዓትና መስመሩ መኖር አለመኖሩን እንደ ማንኛውም ዳታ በፕሮፐርቲ ይዞ ከገጹ ግርጌ ማሳየት፣ የ«ሽጥ» ቁልፍም ከእርሱ ጋር ባይንድ ሆኖ መስመሩ ሲቋረጥ እንዲጠፋ ማድረግ ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ ይጠይቃል።

የመጨረሻው ምክንያታቸው የከተማችን ደንበኛ አነስተኛ ነው፣ ኮምፒውተሩም አሮጌ ነው፣ ይህን ሁሉ አይፈልግም የሚል ነው። በአሮጌነቱ እንስማማ። ነገር ግን 3,000 ረድፍ ያለውን ሠንጠረዥ በየሁለት ሰከንዱ አጥፍቶ መሙላት በሰዓት 1,800 ጊዜ መሙላት ነው፤ በዚያች ሰዓት የተለወጡት ረድፎች አርባ እንኳ ላይሞሉ ይችላሉ። የተለወጠውን ብቻ የሚያድስና በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ረድፎች ብቻ የሚፈጥር ሠንጠረዥ የሚያስፈልገው በትክክል ለእንዲህ ዓይነቱ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። «ደንበኛው አያስተውልም» የተባለውን ደግሞ አልቀበለውም። ገንዘብ ተቀባይዋ ስክሪኑ ብልጭ ባለ ቁጥር እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ እስኪረጋ የምትጠብቀው አስተውላ ነው፤ አቤት የማትለው ኮምፒውተር ሁሉ እንዲህ ስለሚመስላት ነው።

ታይመር ብቻውን የሚበቃበት ቦታ አለ፤ ጽሑፉም ለዚያ ቦታ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እኔም እደግፈው ነበር። በወደቡ መጠበቂያ ላይ የተሰቀለ፣ የጀልባዎችን መነሻ ሰዓት ብቻ የሚያሳይ፣ ማንም የማይጽፍበትና ማንም የማይመርጥበት ሰሌዳ በየሠላሳ ሰከንዱ ከላይ እስከ ታች ቢሞላ የሚጎዳው ሰው የለም። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲያሻሽሉ ይህን ወሰን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ እንዲያስገቡ፣ የትኬት ሽያጩን ምሳሌ ደግሞ ፈጽሞ እንዲያወጡት እጠይቃለሁ።